አፌን የሚያየው ውሻ

እኔ ወሬ ስጀምር ወንዝ ቆሞ ያዳምጣል። ጎረቤቶቼ ገና በሩቁ ሲያዩኝ መንገድ የሚቀይሩት መቼም ከአድናቆት ብዛት ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ግን ቤት ውስጥ የሚሰማኝ ጠፋና፣ የተጣሉ ውሾች ወደሚጠለሉበት ግቢ ሄድኩ። አንበሳ የሚያክል ባለሦስት እግር መረጥኩ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ጆሮውም አይሰማም» አለችኝ ጠባቂዋ።

«የኔን ወሬ ግድግዳም ይሰማዋል!» ብዬ ይዤው ሄድኩ።

እቤት እንደገባን ነብር በጥፊ የገደልኩበትን ታሪክ አወራሁለት። ዓይኑን ከአፌ ላይ አልነቀለም። ባለቤቴ ሁልጊዜ «ውሸታም!» እያለች የምትስቅበት ቦታ ስደርስ ዝም አልኩ። ቤቱም ዝም አለ።

ውሻው እያነከሰ መጣና አፍንጫውን ከንፈሬ ላይ አሳረፈ።

የገደልኩትን ነብር አስነስቼ እንደገና ጀመርኩለት።