የማዳም እቃቃ

ሉጥፊያ ከደሴ ዐረብ አገር ተሰዳ፣ ጀብራ በሚባል ሰፈር እዚህ ቤት ሠራተኛ ሆና ከገባች ሦስት ዓመት ሞላት። ፓስፖርቷ ማዳም ከውሰር ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ማዳም አንገት ላይ። በየወሩ ትጠይቃለች፤ መልሱ አንድ ነው፦ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ።» ቡክራ ነገ ማለት ነው። እስካሁን ሠላሳ ስድስት ነገ አልፏል። ደሴ የተወቻት ልጇ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ትገባለች።

የማዳም ልጅ አብራር ሰባት ዓመቷ ነው። የምትወደው እቃቃ ሉጥፊያ አሮጌ ቶብ፣ የማዳሞችን ረጅም መጎናጸፊያ፣ ለብሳ ማዳም፣ እሷ ሽርጥ ታጥቃ ሠራተኛ የሚሆኑበት ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ጨዋታ ያፈረሰ ሰሃን ያጥባል። እስካሁን ሰሃን ያጠበችው ግን ሉጥፊያ ብቻ ናት፤ ብታፈርስም ባታፈርስም።

አርብ ከሰዓት የማዳም ጓደኞች መጥተው እቃቃውን አዩና በሳቅ ፈረሱ።

«ከውሰር፣ አንቺም ሠራተኛ ሁኚ እንጂ!» አለች ዘሊካ የምትባለው።

ማዳም ደግነቷ በእንግዳ ፊት ይበረታል። ሽርጡን ታጥቃ አንገቷን ደፋች፤ የሉጥፊያን ሰባራ አረብኛ እየቀዳች፣ «ማዳም፣ ፓስፖርት ስጪኝ፣ ወላሂ ልጄ ናፈቀችኝ» አለች።

ሉጥፊያ ሶፋው ላይ ቶቧን አስተካከለች። «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» አለች፤ በማዳም ድምፅ፣ በማዳም የእጅ አወናጨፍ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። የማዳም ሳቅ ከሁሉም ቀድሞ አለቀ።

«ግን እኔ ደግ ማዳም ነኝ» ቀጠለች ሉጥፊያ። «ዛሬ እሰጥሻለሁ። ቁልፉ አንገትሽ ላይ ነው፤ ያላ፣ ከፍተሽ አምጪ።»

ማዳም ቁልፉን በእጇ ሸፈነች።

«ማማ፣ ሰሃን ታጥቢያለሽ!» አለች አብራር።

«ምነው ከውሰር፣ የምርሽን ደነገጥሽ?» አለች ዘሊካ።

ማዳም እየሳቀች ሄዳ ፓስፖርቱን አመጣች። ሉጥፊያ በሁለት እጇ ተቀበለች። ሕግ ግን ሕግ ነው፤ በጨዋታው ፓስፖርቱ የሠራተኛዋ ነው። መልሳ ሰጠቻት። ማዳም ወደ እሷ እንደሚመለስ ቀድማ አስባበት ነበር። «ሹክረን፣ ማዳም» ብላ ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ተጨበጨበላት።

ያኔ የባሏ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሰውየው ቀልድ አይወድም።

«ኸላስ፣ በቃ! ሁሉም ወደ ቦታው!» ማዳም ቶቡን ነጥቃ ሽርጡን ሉጥፊያ ላይ ወረወረች። «ሻይ! ቶሎ በይ!»

ሉጥፊያ ሽርጡን ታጠቀች፤ ኪሱን አልነካችውም። ማድቤት ገብታ ማንቆርቆሪያውን ጣደች።

ውሃው ፈልቶ ክዳኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሉጥፊያን ተከትላ የሄደችው አብራር ከጓሮው በር ብቻዋን ተመለሰች። ከኋላዋ ራክሻ፣ የዚህ አገር ባጃጅ፣ ሲነሳ ይሰማል።

«ሻዩስ?» አለቻት እናቷ።

«ቡክራ፣ ኢንሻአላህ ብላለች» አለች አብራር። «ገና እየተጫወተች ነው።»