የተመለሰው የይማም ድንጋይ

ሩክያ ዕቃ ሲመለስባት የምትደነግጥ ሴት አልነበረችም። ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ኦፓል የሚባለውን የወሎ የከበረ ድንጋይ ትሞርዳለች፣ በብር ሽቦ አስራ ሐብል ታደርገዋለች፣ በቴሌግራም ትሸጣለች። ገዢ ሆዬ ሐብሉን እንዳጠለቀ ልብስ ያጥባል፣ ገላውን ይታጠባል፤ ኦፓል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ጠጥቶ ሲጠግብ ውስጡ ያለው ቀይና አረንጓዴ እሳት ድርግም ይልና ተራ ብርጭቆ ይመስላል። ያኔ ስልኳ ይጮሃል፤ አታለልሽኝ የማይላት የለም። እሷ ግን «ይመለስ፣ ችግር የለም» ብላ ትቀበላለች፣ መስኮቷ ላይ በነጭ ጨርቅ ታስቀምጠዋለች፣ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን እሳቱ ሲመለስ ቪዲዮ ቀርጻ ትልካለች። አፍረው መልሰው ይወስዱታል። ኋላ ላይ ነገሩ ሲሰለቻት በየዕቃው ውስጥ በእጇ የጻፈቻት ትንሽ ወረቀት መጨመር ጀመረች፦ «ውሃ እንዳያገኘው፣ አደራ።» ይህቺን ወረቀት እናንተም ያዙልኝ።

ድንጋዩን የሚልክላት ታናሽ ወንድሟ ይማም ነበር። ቤተሰቡ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥቶ እዚሁ ወለጋ፣ አንገር ጉቲን የሰፈረ ነው። ይማምም እዚያው ተወልዶ፣ በቆሎ ሲኮተኩት አድጎ፣ ኦፓል ተገኘ ሲባል ወደማያውቀው ያባቱ አገር ሄዶ ጉድጓድ ገባ። ሁለት ዓመት ቆፈረ። ባለፈው ግንቦት ጉድጓዱ ተደረመሰበት። እዚያው ቀበሩት፤ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር እናቱ መቃብሩን እንኳ አላየችም። ከመሞቱ ሳምንት ቀደም ብሎ የላከው፣ የእርግብ እንቁላል የሚያክል ኦፓል ሩክያ እጅ ቀረ።

እሱን ሸጠችው። አትፍረዱባት ልል ነበር፤ ግን እሷው ራሷ ላይ ፈርዳለች። ሎሚ የምትባል የአኖ ከተማ ልጅ ለሠርጓ ሐብል ካዘዘች ቆይታለች፣ ሩክያም ይደርስልሻል ብላ ቃል ሰጥታለች፤ ከይማም ሞት በኋላ ደግሞ ቤቷ ውስጥ ሌላ ድንጋይ የሚባል ነገር የለም። ሙሽራ በኔ ምክንያት ባዶ አንገቷን አትቆምም ብላ፣ እያለቀሰች ሞርዳ ላከችላት።

ሠርጉ ባለፈ ማግስት እናቷ ከአንገር ጉቲን ደወለች። «ልጄ መጨረሻ የላከው ድንጋይ አንቺ ዘንድ ነው አሉ። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ እመጣለሁ። አንድ ጊዜ በእጄ ልያዘው።»

«እሺ እማ» አለች ሩክያ። ሌላ ምን ትበል? ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ሎሚን መልሺልኝ ማለት ነውር ሆነባት፤ ሙሽራ ያጠለቀችውን ጌጥ ማን አውልቂ ይላል? ዕቃ እንዲመለስባት አላህን ስትለምን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ልመናዋም ተሰማ። በሁለተኛው ቀን ሎሚ ደወለችና በኦሮምኛ ሰላም አለቻት። «አዴ ሩክያ፣ አከም ጅርታ? ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የድንጋዩ እሳት ጠፋ። ሰዉ ለሙሽራ ጥሩ ምልክት አይደለም እያለ አስፈራኝ፤ ባሌም ከቤት አውጪው አለኝ። በሚኒባስ ልኬልሻለሁ።»

ሩክያ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። «ምንም ችግር የለም የኔ እህት፣ ገንዘብሽን ዛሬውኑ እመልሳለሁ» አለች። ሎሚ እንዲህ ያለ ነጋዴ አይታ አታውቅም፤ «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» እያለች አመስግና ዘጋች።

ሩክያ መናኸሪያ ወርዳ ዕቃውን ከረዳቱ ተቀበለችና እዚያው ግርግር መሀል ፈታችው። እሳቱ የለም። ይህ አላስደነገጣትም። ውሃ ነክቶት ነው፣ ይደርቃል፣ ሐሙስ ገና ነው። መስኮቷ ላይ አስቀመጠችው።

ሦስት ቀን ሆነው፣ አራት ሆነው። ውሃ የጠጣ ኦፓል ሲደርቅ መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ እሳቱ ከዳር ከዳር ብቅ ይላል። ይሄኛው እየዋለ እያደረ ቢጫ ሆነ። በአምስተኛው ቀን አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ቅቤ ቅቤ ይላል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለሎሚ ደወለች።

«ሎሚ፣ ድንጋዩን ምን አደረጋችሁት?»

«ኧረ ምንም። ወረቀትሽን ለእናቴ አንብቤላት ነበር። የሠርጉ ዋዜማ ገላዬን ስታጥበኝ ሐብሉን አላወልቅም ብዬ አስቸገርኳት። ውሃ የሚፈራ ከሆነማ ብላ በለጋ ቅቤ ደህና አድርጋ አሸችው። ቅቤ የጠገበ ቆዳ ውሃ አያስገባም አይደል? እንደተቀባ አደረ። ጠዋት ስናየው ጨልሟል። ምነው፣ አጠፋን?»

ሩክያ ድንጋዩን ነጩ ጨርቅ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። እሷም እኮ በየሳምንቱ አናቷን ቅቤ ስትቀባ ያደገች ናት። ቅቤ በሌለበት አገር የምትሸጥ ይመስል ውሃ ብቻ ብላ ጻፈች። አንድ ቃል ብትጨምር ምን ነበረበት? «አላጠፋችሁም። ጥፋቱ የኔ ነው» አለቻት፣ ሎሚም ምኑን እንደምትል ሳይገባት ደህና ሁኚ ብላ ዘጋች።

በሳሙና አጠበችው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ውስጥ ነከረችው። ፀሐይ ላይ አሰጣችው። አዲስ አበባ አንድ ኦፓል አዋቂ ነበር፣ ደወለችለት፤ ቅባት ውስጡ ከገባ በኋላ ተስፋ አታድርጊ አላት። እሷ ግን እስከ ረቡዕ ድረስ መስኮቱ ጋ እየሄደች ታየዋለች፤ በየጊዜው ያው ቢጫ ነው።

ሐሙስ እናቷ የአንገር ጉቲንን አቧራ ለብሳ ገባች። ምግብም ውሃም አልፈለገችም። ለሶላት እንደሚታጠብ ሰው እጇን በጥንቃቄ ታጥባ ተቀመጠችና ሁለቱን መዳፎቿን ዘረጋች። ሩክያ ድንጋዩን አስቀመጠችላት። እናቲቱ አገላብጣ አየችው፣ ወደ መስኮቱ ይዛ ዞረች፣ በአውራ ጣቷም አሸችው።

«ይሄ ነው?»

«እሱ ነው እማ። እሳት ነበረው። ወላሂ፣ ውስጡ እሳት ነበረው፤ እዪው» ብላ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አቀረበችላት።

እናቷ ወደ ስልኩ አልዞረችም። «ልጄ ለዚህ ነው ጉድጓድ የገባው?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሩክያ ሁሉንም ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ መሸጧን፣ ሎሚን፣ ቅቤውን። እንባዋ ግን ቀደማት።

እናቷ የሩክያን እጅ ያዘችና ድንጋዩን መልሳ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። «ያዢው፤ እኔ የልጄን ነገር ነበር የፈለግኩት፣ ይሄ ተራ ድንጋይ ነው» አለች፣ ነጠላዋንም አጣፍታ ወደ መናኸሪያው ተነሳች።