የሃያ ወር መጠባበቂያ

የሒሳብ ሠራተኛዋ ያንን ግራፍ ባየች ቁጥር ጉሮሮዋ ላይ መራራ ነገር ይመጣባታል። መስመሩ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ይወጣል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የእርዳታ ድርጅቱ የመጠባበቂያ ገንዘብ ለሁለት ወር ወጪ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ዛሬ ለአሥራ ሁለት ወር ይበቃል። የቦርዱ ሰብሳቢ፣ የገዛ አጎቷ፣ ግራፉን በመስታወት አስገብተው ከወንበራቸው በላይ ሰቅለውታል።

ባሕር ማዶ ተምራ የተመለሰች ሰሞን እሷም አጨብጭባለት ነበር። ኋላ መዝገቡን ስታገላብጥ ነው ጉዱ የገባት። ባንክ ያለው ገንዘብ ያው ሁለት መቶ አርባ ሺህ ነው፤ ሳንቲም አልተጨመረበትም። የቀነሰው ወጪው ነው። መጀመሪያ ነርሷ ተሰናበተች፣ ቀጥሎ ሾፌሩ፣ ከዚያ ለአካል ጉዳተኞች ይታደል የነበረው አዲስ ተሽከርካሪ ወንበር ቀረ። ድርጅቱ በከሳ ቁጥር መጠባበቂያው ወፈረ። አሁን የቀሩት ሠራተኞች እሷና ያረጁትን ወንበሮች የሚጠግነው፣ ሰው ሁሉ "ብሎን" እያለ የሚጠራው ሰውዬ ናቸው።

"ስንት ወር ደረስን?" ይላታል ብሎን፣ ከተገለበጠ ወንበር ሥር ሆኖ።

"አሥራ ሁለት።"

"እሰይ! ላም አለኝ በሰማይ! በይ አንድ የፊት ጎማ ለምኚልኝ እቴ፤ በር ላይ ሰባት ሰው ይጠብቀኛል።"

ሰኞ ጠዋት አጎቷ አስጠሯት። አዲሱ ለጋሽ የሚረዳው ጠንካራ መጠባበቂያ ያለውን ነው አሏት።

"የብሎን ደመወዝ ቢቀር ስንት ወር ይሆናል?"

"ሃያ።" ቃሉ አፏ ውስጥ ገለማት።

"ይኸውልሽ! የስንብት ደብዳቤው ላይ ፈርሚ።"

"ጋሼ፣ ወንበር ጠጋኝ የሌለው የወንበር ድርጅት ምን ይባላል?"

"ቆጣቢ ይባላል።" ሳቁ። "ይሄን አላስተማሩሽም እንዴ?"

አስተምረዋታል። የሚያንገሸግሻትም እሱ ነው፤ ያን ያህል ዓመት በተማረችው ቀመር ሲለካ አጎቷ አልተሳሳቱም።

"አልፈርምም። የኔም ደመወዝ ከሱ እኩል ነው። እኔን ያሰናብቱ።"

ያፍራሉ ብላ ነበር። አጎቷ ግን ካልኩሌተሩን ሳብ አድርገው ነካ ነካ አደረጉና ፊታቸው በራ።

"ያው ሃያ!" ተነሥተው ግንባሯን ሳሟት። "የእህቴ ልጅ! መሥዋዕትነትሽን ሪፖርቱ ላይ አሰፍረዋለሁ።"

"ሒሳቡንስ ማን ይሠራዋል?"

"ምን የሚሠራ ቀረና ልጄ?"

ወደ ጥገናው ክፍል ወረደች። ብሎን ቀና ብሎ አያት።

"ምነው ፊትሽ? ተባረርኩ እንዴ?"

"አንተ ትቆያለህ።"

"እስከ መቼ?"

"ሃያ እስኪያንሳቸው።"

ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይጠይቃት፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መወልወያዎች የተሻለውን ጨርቅ መርጦ አቀበላት። ግራሶ ነክቶታል። ግድ አልሰጣትም፤ የተሳመ ግንባሯን ጠረገችበት፣ ደግማም ጠረገችበት።