አሁን ይመጣል

«እትዬ፣ ውኃው መቼ ይመጣል?»

ብዙአየሁ ለቧንቧው በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እንደተንበረከከች ቀና አለች። የጠየቀቻት የግቢው ተከራይ ሙንተሃ ናት፤ አራስ ልጇን ታቅፋ ከቤቷ ደጃፍ ቆማለች። ብዙአየሁ መልሱን አታውቅም። ከቆጣሪው ወደ ግቢው የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ የሚሄደው አሮጌ ቧንቧ ከሲሚንቶው ሥር ይፈሳል፤ የት ጋ እንደሆነ እንኳ ገና አላገኙትም። በሮቶው ውስጥ የቀረ ውኃ የለም። የአራሷን ፊት አይታ ግን አላውቅም ማለት ነውር መሰላት።

«አሁን ይመጣል የኔ እናት» አለች።

«እርስዎ ካሉማ የልጁን ልብስ ልጠብበት። አንዲት ጀሪካን ናት የቀረችኝ።»

«እጠቢ፣ እጠቢ።»

ብዙአየሁ የቧንቧ ሥራ ሠልጣኝ ናት። ልጇ ኤልናታን ለሥራ ወደ አዳማ ሲሄድ ቤቱ ጭር አለባት፤ ማታ ማታ የምታወራው ሰው አጣች። መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን የጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጠረች። ማንበቡ በጣት እየተከተሉም ቢሆን ሲገባት ደፍራ የቧንቧ ሥልጠና ተመዘገበች። አሁን አብሯት ከሠለጠነው ከእስራኤል ጋር የተግባር ልምምድ ላይ ናቸው። የሚያሠሯቸው ጋሽ ግዛቸው፣ ልምምዱ ሲያልቅ ከሁለታቸው አንዳቸውን በቋሚነት እንደሚያስቀሩ ነግረዋቸዋል። ብዙአየሁ ይህን ሥራ ካላገኘች ተመልሳ ያንኑ ጭር ያለ ቤት መጠበቅ ነው።

ሳያት የምትባለው አሠልጣኛቸው ስለ ቧንቧ ብቻ አልነበረም ያስተማረቻቸው። ከደንበኛ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩም አስተምራቸዋለች። «ስማችሁን ንገሩ። የምታውቁትን ንገሩ። የማታውቁትን አላውቅም በሉ። መቼ እንደምትመለሱ ንገሩ» ትላቸው ነበር። እስራኤል ከኋላ ወንበር «ቧንቧ እንደሆነ ጆሮ የለው!» ብሎ ክፍሉን አስቆታል። ብዙአየሁ ግን አልሳቀችም። እቤቷ ገብታ ለግድግዳው ተለማመደችው። «ብዙአየሁ እባላለሁ፤ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ።» ግድግዳው መልሶ አይጠይቅም። ሰው ሲጠይቃት ነው ሁሉም የሚጠፋባት።

ከምሳ በኋላ የሚያፈሰውን ቦታ አገኙት። ቧንቧውን ሲቆርጡት ዝገት የበላው ጫፍ እጃቸው ላይ ተፈረፈረ። ጋሽ ግዛቸው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«ይሄ ሙሉው መቀየር አለበት። ዕቃው የሚገኘው ነገ ነው።»

የግቢው የውኃ ፈረቃ ደግሞ ዛሬ ማታ ነው። ቧንቧው ተቆርጦ ካደረ ፈረቃው ያልፋቸዋል።

«ለሰዎቹ ምን እንበላቸው?» አለች ብዙአየሁ።

«አሁን ይመጣል በያቸውና እንውጣ።»

«አይመጣም እኮ፣ ጋሼ።»

«አይመጣም ካልሻቸው ግቢው በሙሉ ወጥቶ ይከበናል። ካልመጣ ራሳቸው ያዩታል።»

እስራኤል የመሣሪያውን ሳጥን አነሳ። «እትዬ ብዙ፣ የሳያትን ትምህርት እዚህ ልትከልሺልን ነው? ነይ ይልቅ፣ ባጃጁ ቆሟል።»

ይህን ጊዜ ስልኳ ጠራ። ኤልናታን ነው።

«እማዬ፣ ደህና ዋልሽ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ነገ ትመጣለህ አይደል? ገላህን የምትታጠብበት ውኃ ሞልቼ አስቀምጫለሁ።»

«እ... እየሞከርኩ ነው። አለቃው ትንሽ... በቃ፣ እመጣለሁ፤ አታስቢ።»

ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ነበር ያላት። ከዚያ በፊትም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከከተማው ሐይቅ ዳር ዓሣ ገዝታ ትጠብሳለች፤ የባጃጅ ድምፅ በሰማች ቁጥር በሩን ከፍታ ታያለች። ሲመሽ የቀዘቀዘውን ዓሣ ብቻዋን ትበላዋለች።

ዓይኗ ከሙንተሃ ደጃፍ ላይ አረፈ። የታጠቡት የሕፃን ልብሶች ገመዱ ላይ ተሰጥተዋል። ባዶው ጀሪካን ከሥራቸው ተጋድሟል።

«ኤልኔ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የማትመጣ ከሆነ አልመጣም በለኝ። አልቆጣህም።»

ከልጁ ጀርባ የማሽን ጩኸት ይሰማል።

«አልመጣም እማዬ። እስከ በዓል ፈቃድ የለም ብለውናል። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ የኔ ጌታ። ደህና ሁንልኝ።»

ከፋት። ቢሆንም ነገ ባጃጅ በሰማች ቁጥር በር አትከፍትም።

«እናንተ ሂዱ ጋሼ፤ እኔ ለሰዎቹ ነግሬ እመጣለሁ» አለች።

ጋሽ ግዛቸው ትኩር ብለው አዩዋት። «እኔ የምፈልገው የሚታዘዘኝ ሰው ነው፣ ብዙአየሁ» አሉና ባጃጁ ውስጥ ገቡ። እስራኤል ሳጥኑን አቅፎ ተከተላቸው።

ብዙአየሁ የሙንተሃን በር አንኳኳች።

«ብዙአየሁ እባላለሁ፤ የቧንቧ...»

«ስምዎን ማን ጠየቀ? ውኃው የታለ?»

«ዛሬ አይመጣም። ቧንቧው ተቆርጧል፣ ፈረቃው ያልፋችኋል። ነገ ጠዋት ዕቃ ይመጣል፤ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ግን አላውቅም። ጠዋትም አላውቅም ነበር።»

«አንቺ! እጠቢ አላልሽኝም? ወላሂ፣ ይሄን ልጅ አሁን በምን ላጥበው?»

ጩኸቱን ሰምተው ተከራዮቹ ወጡ። ልክ ጋሽ ግዛቸው እንዳሉት ከበቧት። ለእያንዳንዳቸው ያንኑ ደግማ ነገረች።

«ምናለ ቀደም ብለሽ ብትነግሪን?» አለ አንዱ። «የሰፈሩ ቦኖ ውኃ ሊዘጋ ነው እኮ!»

«አልተዘጋም፣ ሩጡ!» አለች አንዲት ሴት ከኋላው።

ጩኸቱ እዚያው ላይ ተቋረጠ። ሁሉም ጀሪካኑን እያነሳ ወደ ቦኖው ሮጠ። ግቢው ውስጥ ልጇን ታቅፋ መሮጥ ያልቻለችው ሙንተሃ ብቻ ቀረች። ብዙአየሁም ወደ ቤቷ ሄደች።

ፀሐይ ስትጠልቅ በባጃጅ ተመለሰች። ለኤልናታን ሞልታ ያስቀመጠችውን ውኃ ከነጀሪካኑ ከሙንተሃ ደጃፍ አወረደች።

ሙንተሃ ጀሪካኑን አየች፤ ከዚያ እሷን። ቁጣዋ ሙሉ በሙሉ አልበረደም።

«ነገ እርስዎ ነዎት የሚመጡት?»

«አላውቅም» አለች ብዙአየሁ። የምትለው አልጠፋባትም።

ልምምዱ ሲያልቅ ጋሽ ግዛቸው እስራኤልን አስቀሩ። ብዙአየሁ ወደ ጭር ያለው ቤቷ ተመለሰች።