ቤታችሁ ተቀመጡ ባዩ መሸሻ

ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ በቀራንዮ አካባቢ ሹመት ማን ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በቅቤና ማር ነጋዴው በመሸሻ ላይ ያረፈው ግን በራሱ ጥፋት ነው። ከኮልፌ በላይ ወዳለው የወታደር ጣቢያ አዲስ የመጣው የጣሊያን ሻምበል በበቅሎ ሲያልፍ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ወደየአጥሩ ሲገባ፣ መሸሻ ብቻ መንገድ ዳር ቆሞ ግንባሩ ጉልበቱን እስኪነካ እጅ ነሣ። ሻምበሉ በቅሎውን አቁሞ “ይህ ማነው?” ብሎ አስጠየቀ። ብዙም ሳይቆይ መሸሻ የሰፈር ሹም ተባለ፤ የነሐስ ምልክት የተሰፋበት ባርኔጣና አንድ የቆርቆሮ ጥሩምባ ተሰጠው። ባርኔጣው ስለጠበበው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እሱ ግን ቁመት የጨመረለት ነው የመሰለው።

በዚያው ሰሞን ክፉ ጉንፋን ገባ። ጣሊያን ከሚያሠራቸው የመንገድ ሠራተኞች ድንኳን ተነሥቶ ወደ መንደሩ መጣ። ሰው ጠዋት “ራሴን” ብሎ ይተኛና ማታ ሲቃዥ ያመሻል፤ ደረቱ እንደ ወናፍ ያፏጫል። የኅዳርን በሽታ ያዩ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ።

ሻምበሉ መሸሻን አስጠራውና ከበላዮቹ የመጣለትን ትእዛዝ አነበበለት። ያስተረጎመው ጣልያንኛን ከሚሲዮን የተማረው የአገሩ ልጅ ዳባ ነው።

“ሰው ሁሉ ከቤቱ አይውጣ” አለ ዳባ። “እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ክፍል ለብቻው ይተኛ። መስኮት ሁሉ ይከፈት። ወደ ሲኒማና ወደ ቴያትር መሄድ ክልክል ነው። ብርቱካን በብዛት ይበላ።”

መሸሻ እጁን አጣምሮ ሲሰማ ቆየና “ጌታዬ፣ የኛ ቤት አንድ ክፍል ነው። መስኮትም የለውም” አለ።

ዳባ ተረጎመ። ሻምበሉ ጠረጴዛውን መትቶ አንድ ረዥም ነገር ተናገረ።

“ዝግ መስኮት የተገኘበት ይቀጣል ነው የሚሉት” አለ ዳባ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “መስኮት ከሌለህ ዝግ ሊሆን አይችልም፤ ተገላግለሃል። እጅ ንሣና ውጣ” አለው።

መሸሻ እጅ ነሥቶ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱን ሰርኬን የቅቤ ቅሎች ስታጥብ አገኛት። ትእዛዙን ከነሲኒማው ነገራት።

“መልካም ትእዛዝ ነው” አለች ሰርኬ፣ “ብርቱካኑን ትተን። እንግዲህ ይግቡና አጥሩን እንዝጋ።”

“እኔ? እኔማ ዛሬውኑ ቤት ለቤት ዞሬ ሕዝቡን ማስጠንቀቅ አለብኝ።”

“ጥሩምባውን ከመንገድ ላይ ነፍተው ቢናገሩስ? አንዱ ቤት ገብተው ሌላው ቤት ሲሄዱ በሽታውስ አብሮ ቢሄድ?”

መሸሻ ባርኔጣውን አስተካከለ። “እኔ የትእዛዙ ባለቤት ነኝ፣ ሰርኬ። ጉንፋን ደግሞ ሹም አያውቅም ብለሽ ታስቢያለሽ?”

“የማያውቅ ይመስለኛል” አለች ሰርኬ፤ እሱ ግን ወጥቶ ነበር።

መሸሻ ከልቡ የሚሠራ ሹም ነበር። ጥሩምባውን አንድ ጊዜ ይነፋና “ቤታችሁ ተቀመጡ!” ብሎ ይጮኻል፤ ከዚያ የደረሰበት ቤት ገብቶ እሱም አብሮ ይቀመጣል። ሰውም ሹም መጣ ብሎ መደብ ይለቅለታል፤ ጠላ ይቀዳለታል። መሸሻ አንኮላውን ሲቀባበል ሰው ከሰው ጋር መቀባበል እንደሌለበት ያስረዳል። በአንድ ገበታ ሲጎርስ ገበታ ለየብቻ እንደሚሻል ይመክራል። በሦስተኛው ቀን ጉሮሮውን መከርከር ጀመረው። “አቧራው ነው” አለና ድምፁ እንዳይዘጋ አንድ አንኮላ አስጨመረ።

ከሁሉ አብዝቶ የቆየው ባላምባራስ ኃይለ መስቀል ቤት ነው። ባላምባራስ ቀድሞ የቤተ መንግሥት ኮርቻ ጠባቂ የነበሩ፣ ዛሬ ግን ከልጃቸው ከአጸደ ጋር የሚኖሩ ደግ ሽማግሌ ናቸው። እንግዳ ካልመጣላቸው ምሳ አይወርድላቸውም።

“ግባ፣ መሸሻ፣ ግባ! ሰው ናፍቆኝ ልሞት ነው። ሰዉ ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ጠያቂ አጣሁ።”

“ትእዛዝ ነዋ ባላምባራስ! ሰው እንዳያስገቡ ብዬ ላስጠነቅቅዎ ነው የመጣሁት” አለ መሸሻ፤ ገብቶም ከጎናቸው ተቀመጠ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተጫወቱ። በመሀል አንድ ሁለት ጊዜ አስነጠሰው፤ ባላምባራስ “ይማርህ” አሉና የራሳቸውን ዋንጫ አቀበሉት።

ሳምንት ሳይሞላ መሸሻ የዞረባቸው ቤቶች በተራ መተኛት ጀመሩ። ይህን አስቀድማ ያየችው ሰርኬ ናት፤ ቀጥለው ያዩት ግን ከአጥር ባሻገር ያሉት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጉዲቱ ናቸው። ወይዘሮ ጉዲቱ ባላቸው የሞተባቸው፣ ላሞቻቸውን ራሳቸው የሚያልቡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። መሸሻ ገና እሳቸው ቤት አልደረሰም ነበርና፣ አንድ ጠዋት ጥሩምባውን ሲነፋ የአጥር በራቸውን በእሾህ ዘግተው ከውስጥ ቆመው ጠበቁት።

“ወይዘሮ ጉዲቱ! ትእዛዝ ይዤ መጥቻለሁ፤ ይክፈቱልኝ።”

“ትእዛዙ ምን ይላል?”

“ማንም ሰው ለማንም ሰው በሩን አይክፈት ይላል።”

“እሺ” አሉ ወይዘሮ ጉዲቱ፤ እሾሁንም አንድ ጊዜ ጨመሩበት።

መሸሻ ትንሽ ግራ ተጋባ። “ሲኒማም አይግቡ ይላል” አለ በመጨረሻ፣ ባዶ እጁን ላለመመለስ።

“ሲኒማ ምንድን ነው?”

“እኔም አላየሁት።”

“እንግዲያው ሁለታችንም አልገባንም። ሳልዎ ደግሞ ከአቧራ አይደለም፣ አቶ መሸሻ። ሄደው ይተኙ።”

ነገሩ ከአጥር አጥር ተላለፈ። ከዚያ በኋላ ጥሩምባው ገና ከሩቅ ሲሰማ ልጆች እየተጠሩ ይገባሉ፣ በር ይዘጋል፣ ውሻ እንኳ ይታሰራል። አባት እናቱ ስሙን ያወጡለት መከራ ሲመጣ ሰው ወደሱ ይሽሽ ብለው ነበር፤ አሁን ግን አገር ሙሉ ከሱ ይሸሽ ጀመር። እርስ በርስ መረዳዳቱ አልቀረም፤ የወጥ ድስት በጎረቤት አጥር ሥር ተቀምጦ “ውሰዱ!” ይባላል፣ አስቀማጩ ርቆ ሲሄድ ባለቤቱ ወጥቶ ያነሣል። እጅ በእንዶድ ይታጠባል፤ የታመመ ለብቻው ይተኛል። አዲስ የሚታመም ሰው ቀነሰ።

መሸሻ ይህን ሁሉ የራሱ ሥራ አድርጎ አየው። “እንዴት ያለ የሚታዘዝ ሕዝብ ነው!” ይላል ባዶው መንገድ መሀል ቆሞ። ሻምበሉም በመነጽሩ ከጣቢያው ሆኖ አየና ደስታውን አልቻለውም። ከአገሩ ሁሉ ቤቱ የተቀመጠው የሱ ሕዝብ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ለበላዮቹ መታየት አለበት።

መሸሻ ተጠራ። ዳባ ትእዛዙን ሲያስተላልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

“ሕዝቡ ከቤቱ ባለመውጣቱ ሻምበሉ ሊያመሰግኑት ነውና፣ ነገ ጠዋት ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር ሁሉም ከቤቱ ወጥቶ ከቀራንዮ ሥር ባለው ሜዳ ይሰብሰብ። ፎቶግራፍ ይነሣል።”

መሸሻም ቢሆን እዚህ ላይ ትንሽ አሰበ። ያሰበውን ለመናገር ግን ሳል ቀደመው።

ወይዘሮ ጉዲቱ በአጥሩ ላይ ሰሙት። “አትውጡ ብለዋል፤ አልወጣንም። አሁን ምን ጎደለ?”

“ምስጋና ነው፣ ወይዘሮ ጉዲቱ።”

“ምስጋናውን በአጥሩ ላይ ይወርውሩልኝ።”

በማግሥቱ ግን ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች በየበሩ መጡ። እሾሁም መቀርቀሪያውም ተነሣ። ሰዉ ነጠላውንና ጋቢውን አፍንጫው ላይ ሸፍኖ ሜዳው ላይ ተራርቆ ቆመ። ባላምባራስ ኃይለ መስቀል እያነከሱ፣ አጸደ ትከሻ ላይ ተደግፈው መጡ፤ ከያዛቸው ትኩሳት ገና አልተነሡም ነበር። ፎቶ አንሺው ሦስት እግር ባለው ሣጥኑ ውስጥ አጮለቀና ተቆጣ።

“ተጠጉ ነው የሚለው” አለ ዳባ። “ሕዝቡ ጥቂት መሰለ ነው የሚለው። ፊታችሁንም ግለጡ፤ ሳቁ።”

ወታደሮቹ እየገፉ አጠጋጓቸው። ሻምበሉ በጠራራ ፀሐይ ስለ መራራቅ ጥቅም ረዥም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ መሸሻን ወደ ፊት ጠርቶ ደረቱ ላይ ሪባን ሊሰካለት ጎንበስ አለ። መሸሻ ትንፋሹን ያዘ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የነበረውን አቅም ሁሉ ተጠቅሞ ለጥቂት ጊዜ ቻለው። ከዚያ ሻምበሉ ፊት ላይ አስነጠሰ። ፎቶግራፉም የተነሣው ያኔ ነው።

ቤቱ የደረሰው በሰው ድጋፍ ነው። ሰርኬ አልጮኸችም፤ ከበሩ ሳያልፍ አስቁማ ልብሱን አስወለቀችው፣ ግቢው ውስጥ ያለውን፣ ግድግዳው ቀዳዳ ያለበትን የቅቤ ጎጆ ጠርጋ አነጠፈችለትና በሩን ዘጋች። አጥሚቱን በረዥም እንጨት ጫፍ ታንጠለጥልና በቀዳዳው ታስገባለታለች። ዋንጫውንም ተቀብላ በፈላ ውሃ ታጥባለች።

“ሰርኬ፣ ግቢና አጠገቤ ተቀመጪ። ልሞት ነው።”

“እዚሁ በሩ ላይ ነኝ። ድምፄን ይሰማሉ አይደል? አጥሚቱን ይጠጡ።”

እንዲያ ሆኖ ቀን ከሌሊት አልለይ እያለው ሰነበተ። አንድ ረፋድ ላይ ትኩሳቱ ቀለል ሲልለት ለቅሶ ሰማ። ግን እንደ ለቅሶ ቤት ጩኸት ከአንድ ስፍራ የሚወጣ አይደለም፤ አንዱ ከአጥሩ ሥር ሆኖ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ ይቀበላል፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለው። መንደሩ ሁሉ በየደጁ ቆሞ ያለቅስ ነበር።

“ማን ነው?” አለ።

ሰርኬ ከበሩ ውጭ ሆና መለሰች። “ባላምባራስ ናቸው። አራት ሰው ሆነው ወደ መድኃኔ ዓለም ወስደዋቸዋል። ሌላው ከደጁ ይሸኛቸዋል።”

መሸሻ ተነሥቶ ግድግዳውን ተደገፈ። ያቀበሉት ዋንጫ እጁ ላይ ያለ መሰለው። “ይማርህ” ያሉትም ትዝ አለው።

“ሰርኬ።”

“አቤት።”

“እኔ ነኝ አይደል?”

ሰርኬ የበሩን እንጨት በጥፍሯ ስትፍቅ ተሰማው። “ሜዳውም አለበት” አለች፤ “እርስዎም አሉበት።” እሱም ለቅሶው ዞሮ እነሱ አጥር ሲደርስ ድምፁን ለማሰማት ሞከረ፤ አልወጣለትም።

ሻምበሉም ተኝቶ ነበር፤ ጣቢያው ግማሹ በትኩሳት ወድቆ ለመንገድ ሥራ ሰው በግድ የሚያፍስ ወታደር ጠፋ። ሻምበሉ ሲነሣ ከስቶና ተናዶ ነው። የበላዮቹ፣ ሕዝብህ ሁሉ ታዛዥ ነው ብለህ ጽፈህ በሽታው ከየት መጣ ብለው ጠይቀውታል። ስለዚህ ጥፋተኛ ያስፈልገዋል። መሸሻ ተጠራ።

“ትእዛዙን የጣሱትን ሰዎች ስም ጥራ ይላሉ” አለ ዳባ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ስም የተጠራ ሰው ቤቱ እንደሚቃጠል፣ ጀርባውም እንደሚገረፍ ሁለቱም ያውቃሉ።

መሸሻ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጎነበስ ቆመ።

“ቤት ለቤት የዞርኩት እኔ ነኝ። ከየቤቱ የበላሁት፣ የጠጣሁት፣ በሽታውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ትእዛዙን ጠብቋል።”

“ልተርጉመው?” አለ ዳባ።

“ተርጉመው።”

ተረጎመው። ሻምበሉ አፈጠጠና ሌላ ጠየቀ።

“አንተ ብቻ ነህ ወይ? ሌላ የለም ወይ ይላሉ።”

“አንድ ሌላ አለ” አለ መሸሻ። “ሜዳ ላይ ሰብስቦ ተጠጉ ያለን ሰው አለ። እሱን ግን አንተም አትተረጉመውም።”

ዳባ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳለ፤ የእውነት ሳል ይሁን አይሁን አልታወቀም። “ሌላ የለም ይላል” ብሎ ተረጎመ።

ሹመቱም ባርኔጣውም ተወሰደበት። ሰውን ከሰው በማቀራረብ ወንጀል ተፈረደበትና፣ ለቅጣት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከብዙ እስረኞች ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጣብቆ ታሰረ። መስኮት ነበረው፤ ተዘግቷል። መሸሻ በሽታው አንዴ አልፎበታልና የሚያስሉትን ውሃ እያጠጣ፣ በየተራ ወደ በሩ ስንጥቅ እያስጠጋ ቆየ። ሰርኬ ስንቅ ይዛ ስትመጣ ከሩቅ ቆማ “ደህና ነዎት?” ትላለች፤ እሱም ከሩቅ “ደህና ነኝ፤ አትጠጊ” ይላል።

ሲፈታ ጉንፋኑ ከመንደሩ ወጥቶ ነበር። ሰርኬ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አቁማ አጠበችው፤ ንጹሕ ልብስም ሰጠችው። እንደለበሰ ወደ ባላምባራስ ቤት ሄደ። አጸደ ጥቁር ለብሳ ደጁ ላይ ስንዴ ታበጥር ነበር። ስታየው ተነሣች።

“ይግቡ፣ አቶ መሸሻ።”

“እዚሁ ይበቃኛል፣ ልጄ። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት።”

ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ስለ ዋንጫው፣ ስለ ማስነጠሱ፣ ስለዚያ ቀን ሁሉ ነገራት። አጸደ ሰፌዱን አስቀመጠች።

“አውቅ ነበር” አለች። “ዋንጫውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከሄዱ በኋላ አባባ ዛሬ ሰው አገኘሁ ብለው ሲስቁ ነው ያመሹት።” እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። “ይቅር ብዬዎታለሁ ለማለት ገና ነኝ።”

“አልቸኩልም” አለ መሸሻ።

እሷም ወደ ቤት ገብታ በርጩማ አመጣችና ከአጥሩ ውጭ አስቀመጠችለት፤ ራሷም ተመልሳ ከስንዴዋ አጠገብ ተቀመጠች። መሸሻ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ስለ ባላምባራስ የሚያውቀውን አንድ በአንድ ያወራላት ጀመር፤ እሷም እያበጠረች ሰማችው።