ላልቶ ይነበብ

አባዬ ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው ዓምድ ስሙ «መርፌ» ነበር። እኔ ሳልወለድ የያዛትን የመጨረሻ ገጽ ጥግ ሳይለቅ ስንትና ስንት ዋና አዘጋጅ መጥቶ ሄደ። አንባቢው ጋዜጣውን የሚጀምረው ከኋላ ነው፤ በዚህ ሳምንት ማን እንደተወጋ ለማየት። የመንገዱን ጉድጓድ ረስቶ ሪባን የሚቆርጥ ሹም፣ ሚዛን ላይ አውራ ጣቱን የሚያሳርፍ ነጋዴ፣ ማንንም አይምርም። ደውለው ሲያስፈራሩት «ቆይ፣ ብዕር ላምጣ» ይላቸዋል። ግብዣቸው አይሄድም፣ ስጦታቸውን ከበር ይመልሳል። ጠዋት ጠዋት ሳሎኑን እየዞረ ጮክ ብሎ ሳይሞክረው አንድ መስመር አይጽፍም፤ ጎረቤት ከእማዬ ጋር የተጣላ ይመስለው ነበር። የእሱ ልጅ መሆኔን ዛሬም ደረቴን ነፍቼ ነው የምናገረው።

ታዲያ እማዬ ልቧን ታመመች። ከሞት አፋፍ የመለሳት የሰፈራችን ክሊኒክ ወጣት ሐኪም ነው። አባዬ ውለታው ከብዶት፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚያመሰግን «መርፌ» ጻፈ። መዝጊያው እንዲህ ይላል፦ «እኔ ሰው የምወጋው በብዕር ነው። ይህ ሐኪም በመርፌ ሰው ያድናል።»

ሳሎን ውስጥ ሲሞክራት የ«ያድናል»ን «ድ» አላልቶ ነው ያላት። በጽሑፍ ግን የሚጠብቀውም የሚላላውም ፊደል አንድ ነው። ሰዉ ደግሞ ከአባዬ ደግ ነገር ለምዶ አያውቅም፤ አጥብቆ አነበባት። ያችን መስመር ብቻ ቆርጠው በስልክ ተቀባበሏት፤ እማዬ ጋ እንኳ የደረሰችው እሷው ብቻ ናት። ሐኪሙ ጠመንጃ የያዘ አዳኝ፣ በሽተኛው ሚዳቋ ሆኖ አረፈው። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ፤ ሐኪሙ የአባዬን ሰላምታ አልቀበል አለ።

የባሰው የእማዬ ነገር ነው። መድኃኒቷ እያለቀ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት፣ ክሊኒኩ አልሄድም አለች።

«በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ያተረፈኝን ልጅ የሰው መሳቂያ አድርገነው!»

«ሌላ ሐኪም ጋ ልውሰድሽ» አልኳት።

«ሞቼ ነው!»

አባዬ እርማት እንዲወጣ አዘጋጁን ለመነ። አዘጋጁ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ ምኑ ይታረማል? ጋዜጣው እኮ ከአዟሪ እጅ ነው ያለቀው!» አለው። አባዬ ቤት መጥቶ እማዬን «ተነሺ፣ ደጁ ድረስ ብቻ» ብሎ ለምኖ አወጣት። ክሊኒኩ በር ስንደርስ ግን አልገባም ብላ ግንቡን ተደገፈች። እኔና እሱ ገባን።

የተራ መጠበቂያው አግዳሚዎች ሙሉ ናቸው። አባዬ መሀል ላይ ቆሞ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። እማዬ የተንፈራፈረችበትን ሌሊት፣ ላጣት ነው ብሎ መፍራቱን፣ ሐኪሙ ጃኬቱን በፒጃማ ላይ ደርቦ መምጣቱን፣ ሁሉንም። ሐኪሙ ድምፅ ሰምቶ ተቆጥቶ ወጣ፤ ከዚያ በሩን እንደያዘ ቀረ። አባዬ መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። ግን «ድ» ላልታ ወጣች።

«ጋሼ፣ ታዲያ ሰው ለምን እንደዚያ አነበበው?» አለ ሐኪሙ።

«ጥፋቱ የአንባቢ አይደለም፣ ልጄ። ዕድሜዬን በሙሉ ሳቆስል ኖሬ፣ ደግ ሲወጣኝ ማን ይመነኝ?»

ያ ሹም የማይፈራ ሰው በሰፈር ሰው ፊት አንገቱን ደፋ። እንደዚያ ቀን ኮርቼበት አላውቅም።

ሐኪሙ በሩን ለቀቀና «እማማስ? ቀጠሮዋ አልፏል እኮ» አለ።

«ደጅ ናት። አፍራህ ነው።»

ሐኪሙ ራሱ ወጣ። እጇን ይዞ፣ እርምጃዋን እየጠበቀ አስገባት። እማዬ አባዬ ፊት ስትደርስ ቆም አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለችው። «ይህን ያህል ፈርተህልኝ ነበር? ለእኔ ሳትነግረኝ ለጋዜጣ?»

አባዬ የነጠላዋን ጫፍ ያዘና ወደ ምርመራ ክፍሉ አብሯት ገባ።