ትልቅ ዓሣ ነው የሰበረው

ዘንግ የተሰበረበት ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ያው አንድ ነው። በሩን ከፍቶ ሲገባ የተሰበረውን ዕቃ እንደታመመ ሕፃን አቅፎት ነው፤ ሰላምታው ሳያልቅ ደግሞ ዓሣው ይመጣል። ትልቅ ዓሣ። ክንድ የሚያህል፣ ሁለት ክንድ የሚያህል፣ እንደ ተናጋሪው ድፍረት። ዓሣው ታገለ፣ ዘንጉ ጎበጠ፣ ከዚያ ቀጭ። በከተማው ዳር በሚያልፈው ወንዝ ውስጥ እንደዚያ ያለ ዓሣ እውነት ቢኖር ኖሮ፣ እግሩን እንኳ ለመታጠብ የሚደፍር ሰው ባልተገኘ ነበር።

ዘንግ ጠጋኟ ይህን ወሬ ለሠላሳ ሁለት ዓመት ሰምታዋለች። የምትሰማበትም ቦታ ያው ነው፤ መንገድ ላይ የሚከፈት አንድ ክፍል፣ በመስኮቱ ሥር ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት የሥራ ጠረጴዛዎች፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ የሐር ክር ጥቅሎች፣ የማይጠፋ የቫርኒሽ ሽታ። ከመጋረጃው ጀርባ አባቷ የሚኖሩባቸው ሁለት ክፍሎች አሉ። ከሁለቱ ጠረጴዛዎች በስተቀኝ ያለው የሳቸው ነበር። ደንበኞች «ወጌሻው» ይሏቸዋል፤ ስማቸውን የሚያውቅ እንኳ ወጌሻው ማለት ይቀናዋል።

ወደዚህ ቤት የሚመጣው ዘንግ ትል ተንጠልጥሎበት ውሃ ዳር የሚተከለው ዓይነት አይደለም። ከላባና ከክር የተሠራች፣ ዝንብ የምትመስል ቅንጣት መንጠቆ በውሃው ላይ ለመወርወር የሚያገለግል፣ ጫፉ ከክብሪት እንጨት የማይወፍር ቀጭን ነገር ነው። ሲይዙት ደስ ይላል፣ ለመስበር ደግሞ ምንም አይከብድም።

ወጌሻው ስብራቱን አንዴ አይተው ምክንያቱን ያውቁ ነበር። ተጨፍልቆ የተጠፈጠፈ ከሆነ የመኪና በር ነው። በጎኑ የተላጠ ከሆነ የጣራ ማራገቢያ ነው፤ ሳሎን መሃል ቆሞ አዲሱን ዘንጉን ለእንግዳ ያሳየ ሰው ሥራ። መጋጠሚያው ላይ የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ባለቤቱ ሁለቱን ክፍሎች ጠበቅ አድርጎ ሳያጋጥም ሲወረውር ውሏል። አጠገቡ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጠባሳ ካለች ደግሞ፣ ከብዙ ቀን በፊት ከባድ መንጠቆ በውርወራ መሃል መትቶት፣ ማንም ሳያይ ውስጥ ውስጡን ሲያመረቅዝ ቆይቷል። ዓሣ ሰበረው የተባለው እንኳ በደንብ ሲታይ፣ ዓሣው እግሩ ሥር ከደረሰ በኋላ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ያነሳው ሰውዬው ራሱ ሆኖ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ወጌሻው አንድም ቀን ደንበኛ አሳፍረው አያውቁም። ወሬውን እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ «ትልቅ ዓሣ ነው የሰበረው» ይሉና መዝገቡ ላይ፣ «የስብራቱ ምክንያት» ከሚለው ሥር፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው «ትልቅ ዓሣ» ብለው ያሰፍራሉ። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ያገላበጠ እንግዳ ወንዛችን ዓሣ ነባሪ የሚራባበት ሊመስለው ይችላል።

ደንበኛው በሩን ዘግቶ ከወጣ በኋላ ግን ሌላ ጨዋታ አለ። ወጌሻው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅላሉ። ስባሪውን በጠረጴዛው ላይ ወደ ልጃቸው ያቀብሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ገዳዩ ማነው?» ይሏታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠይቋት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከሥራው ጋር ገና መተዋወቋ ነው። «ዓሣ ነዋ፣ ሰውዬው ሲናገር አልሰሙም?» አለች። አባቷ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በሁለተኛው ዓመት ከሦስቱ አንዱን ታውቅ ጀመር፤ በአምስተኛው ዓመት እኩል ሆኑ። እናቷ በሕይወት ሳሉ ምሳ ይዘው ሲመጡና ሁለቱን ስባሪ ላይ አቀርቅረው ሲያገኟቸው፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን ይለይላቸዋል እያሉ ይስቁ ነበር። እሳቸውን ግን ወጌሻው ጠይቀዋቸው አያውቁም። ያ ጥያቄ የሁለቱ ብቻ ነበር። ጠጋኟ ዛሬ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የደስታ ዘመን የቱ ነው ብትባል ያለ ማመንታት እነዚያን ከሰዓት በኋላዎች ትጠራለች።

ወጌሻው መርሳት የጀመሩት ከአራት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋቸው፣ ቀጥሎ የመንገድ፣ ቀጥሎ የሰው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ልጃቸውን «እመቤት» ይሏታል። ሻይ ስታቀርብላቸው ብድግ ለማለት እየሞከሩ «እግዜር ይስጥልኝ እመቤት፣ አስቸገርኩዎት» ይላሉ። ትሕትናቸው አልጠፋም፤ እሱ ነው አንጀቷን የሚበላት። ለደንበኛ የሚያሳዩትን ክብር ሁሉ ለእሷ ሰጧት፣ ልጃቸው መሆኗን ብቻ ወሰዱባት።

ወደ ወንዝ እንውሰዳቸው የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ጥርስ ሐኪሙ ነው። ይህ ሰውዬ የቤቱ የድሮ ደንበኛ ነው፤ በዓመት አንድ ዘንግ ካልሰበረ ዓመቱ ያለቀ አይመስለውም። መኪና አለኝ፣ እሁድ ሥራ የለኝም፣ ሰውዬው ውሃ ሲያዩ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል አለ። ጠጋኟ ለሁለት ቀን አሰበችበት። ተስፋ ማድረግ ፈርታ ነበር። በመጨረሻ ግን ተስፋ አደረገች፤ የራሳቸውን ዘንግ ይዘው ውሃው ዳር ቢቆሙ፣ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ማን መሆኗን ያውቁ ይሆናል ብላ።

የራሳቸው ዘንግ ከጠረጴዛቸው በላይ ሁለት ምስማር ላይ የተጋደመው ነው። ከቀርከሃ በስድስት ጎን አንድ በአንድ ጠርበው፣ አጣብቀው የሠሩት እሷ በተወለደች ዓመት ነው። በዚያ ቤት ካለፈው ዘንግ ሁሉ መዝገብ ላይ ያልሰፈረው እሱ ብቻ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመት ሲወረወር ኖሮ ጭረት አልነካውም። ወጌሻው በሌላ ነገር ጉራ አያውቁም፣ በእሱ ግን አይቻሉም ነበር።

ሐሙስ ጧት ጠጋኟ ዘንጉን አወረደችው። አቧራውን ጠረገች፣ ሦስቱን ክፍሎች አጋጠመች፣ ሲባጎውን በየቀለበቱ አሳልፋ እስከ ጫፉ አደረሰችው። ከጫፉ አልፎ ክንድ ያህል ከወጣ በኋላ አንድ ቦታ ያዘው፤ ታች፣ መጠቅለያው ውስጥ፣ ሳይሆን አይቀርም። ጎንበስ ብላ ልታየው ስትል ከመጋረጃው ጀርባ የአባቷ ድምፅ መጣ።

«እመቤት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄን አይተዋታል? እዚህ ነበረች የምትሠራው።»

ዓይኗ በእንባ ተሞላ። አሁን ትመጣለች አለቻቸው፤ ሌላ ምን ትበል። ይህን እያለች፣ ሳታይ፣ ከጫፉ ያለፈውን ሲባጎ ጨብጣ ወደ ታች ሳበችው። ዘንጉ ቆሞ ነበር። ጫፉ እንደ መንጠቆ ታጠፈና ቀጭ አለ።

ይህን ስንት ሰው አስጠንቅቃ ነበር። ደንበኛው ዕቃውን ተረክቦ ሲወጣ በሩ ድረስ ትከተለውና፣ ሲባጎው ሲይዝብዎት ከጫፉ ወደ ታች እንዳይስቡት፣ ዘንጉን አስተኝተው ከሥሩ ይልቀቁት ትለዋለች። የጀማሪ ሁሉ ስህተት እሱ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት፣ ያውም በዚያ ዘንግ ላይ። ከዚያ በአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ስባሪውን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ያለ ድምፅ አለቀሰች። እሳቸው እንዳይሰሙ አፏን በክርኗ ሸፍና ነበር።

ካለቀሰች በኋላ ሠራች፤ እጇ ያንን ያውቃል። ሁለቱን ስባሪዎች በሰያፍ ጠረበቻቸው፣ አነባብራ አጣበቀቻቸው፣ የሻይ ቀለም ባለው ሐር ክር ጥምጥም አድርጋ ጠቀለለቻቸው፣ ቫርኒሹን ቀብታ አደረቀች፣ ደግማ ቀባች። የሚያይ ሰው ላያስተውለው ይችላል። ጫፉ ግን ሁለት ጣት ያህል አጥሯል፣ ክሩም ትንሽ ክብደት ጨምሮበታል። ዘንጉን የሠራው እጅ ይህን አይስትም።

ዓርብ ጥርስ ሐኪሙ ብቅ ሲል ነገረችው። ዘንጉን አነሳ፣ አገላበጠ፣ ምንም አልታየውም። የእኔን ስጫቸው፣ እሳቸው አሁን የትኛው የማን እንደሆነ አይለዩም አላት። እሷ እጃቸው ይለያል አለች። ሰውዬው ዘንጉን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ለሃያ ዓመት ስትጠግኑልኝ የኖራችሁት ሁሉ፣ አንዱንም ዓሣ አልሰበረውም። አብዛኛው የመኪና በር ነው። አንዱ ማራገቢያ። አንዱን ደግሞ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣበት ነው። አባትሽ ያውቁ ነበር?»

የባለቤቱን ጉዳይ ወጌሻው ከስብራቱ ስፋት አውቀውት እንደነበር ጠጋኟ ታስታውሳለች። የዚያን ቀን ሁለቱም በሳቅ ሥራ መሥራት አቅቷቸው ነበር። ግን የቤቱ ደንብ ደንብ ነው።

«መዝገቡ የሚለው ትልቅ ዓሣ ነው» አለችው።

እሁድ ጧት ሄዱ። ወንዙ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሣር ባለበት ቦታ ሰፋ ይላል፤ ውሃው እስከ ጉልበት ነው፣ ድንጋዩ ከላይ ይታያል። ወጌሻው በመንገዱ ሁሉ ትሑት እንግዳ ሆነው በመስኮት ሲመለከቱ ነበር። ጥርስ ሐኪሙ የራሱን ዘንግ ይዞ ራቅ አለና ወዲያው ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወረው። ጠጋኟ ዘንጉን አጋጠመችና በአባቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

እጃቸው ነቃ። አያያዙን ማንም አላሳያቸውም፤ አውራ ጣታቸው በቡሽ መያዣው ላይ ያለችውን የድሮ ጉድጓዷን አግኝታ ገባች። ትከሻቸው ቀና አለ። ሲባጎውን ትንሽ ለቀቁና አንድ ጊዜ ወደ ኋላ፣ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ወዘወዙት። ከዚያ ቆሙ። ግንባራቸው ተቋጠረ። ጠጋኟ አበላሸሁባቸው፣ የቀረቻቸውን አንዲት ነገር እኔው ወሰድኩባቸው ብላ አሰበች።

ወጌሻው ዘንጉን አወረዱ። በአውራ ጣታቸውና በጠቋሚያቸው መሃል አድርገው ከጫፉ ጀምረው ወደ ታች ዳሰሱት፤ አንድ ቀለበት አለፉ፣ ከዚያ ክሩ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ቫርኒሹን አሸተቱ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ጥምጥሙን ዓይናቸው ሥር አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። ዘንጉን ወደ እሷ አቀበሉ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ገዳዩ ማነው?» አሉ።

ይህን ጥያቄ እመቤትን አይጠይቁም። ደንበኛን አይጠይቁም። በዓለም ላይ የሚጠይቁት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እሷ ናት።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች። «ሲባጎው ያዘና ከጫፉ ወደ ታች ሳብኩት።»

«ከጫፉ ወደ ታች» አሉ ወጌሻው። አፋቸው ጥግ ላይ ያ የድሮው ሳቅ መጣ። «ስንት ጊዜ ነገርኩሽ፣ ልጄ።»

«ብዙ ጊዜ።»

«ጥምጥሙ ግን ጥሩ ነው። ከእኔ ይሻላል።» ጥምጥሙን ደግመው በጣታቸው አሹት። «መዝገቡ ላይ ምን አልሽ?»

ገና አለመጻፏን ነገረቻቸው። ወጌሻው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እስከ ዛሬ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር የኖረው ዘንግ ተራው ስለደረሰ ብዙም የከፋቸው አይመስሉም ነበር። ከዚያ ዘንጉን መልሰው ተቀበሏትና ወደ ውሃው ዞሩ። ሲባጎው በአየር ላይ ተዘረጋ፣ ዝንቧም ከድንጋዩ ባሻገር፣ ውሃው በሚጠቁርበት ቦታ፣ ያለ ምንም ድምፅ አረፈች። ምንም አልያዙም። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲወረውሩ እሷ ከጎናቸው ቆማ ነበር፤ ክርንሽን አውርጂ አሏት፣ በእጇ ዘንግ ሳትይዝ። እሺ ብላ አወረደች።

ሲመለሱ ከኋላ ወንበር አብራቸው ተቀመጠች። ዘንጉ ተነቃቅሎ በከረጢቱ ውስጥ ጭኗ ላይ ነበር፤ በሩን ከመዝጋቷ በፊት ጫፉ የት እንዳለ ሁለት ጊዜ አይታለች። ወንዙ ከመስኮቱ ሲጠፋ የአባቷ ትከሻ ቀስ በቀስ ዝቅ አለ። ከተማው ሲገቡ ከረጢቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ሁልጊዜ ለደንበኛ እንደሚያደርጉት ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

«ዘንግዎ ተጠገነልዎት፣ እመቤት?»

እንደገና እመቤት ሆናለች። ግን ከጧቱ ጋር አንድ አልነበረም፤ ጧት ያልነበራት ነገር አሁን አላት።

«ተጠገነልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

«እሰይ። ትልቅ ዓሣ መሆን አለበት የሰበረብዎት» አሉ ወጌሻው፣ እንዳታፍር ተጠንቅቀው።

ዘንግ ጠጋኟ በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ውሸት ለራሷ ተጠቀመችበት።

«አዎ» አለች፣ እጃቸውን ይዛ። «በጣም ትልቅ ነበር።»